ጋሽ ደምሴ ያዩዋት ልጅ

ሰው "መንፈስ አየሁ" ብሎ ሲያወራኝ መጀመሪያ ወደ አፌ የሚመጣው "መነጽር ካሠራህ ስንት ጊዜ ሆነህ?" የሚል ጥያቄ ነው፣ ቀልድ እንዳይመስላችሁ፣ ሥራዬ ሆኖ ነው። እዚህ ካምፓላ አንድ መነጽር ቤት ተቀጥሬ፣ ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን የፊደል ሰሌዳ እየጠቆምኩ "ይቺን ያያሉ? ይቺንስ?" ስል ነው የምውለው፣ ከዚህ ሥራ የተማርኩት ነገር ቢኖር ሰው ስለሚያየው ነገር እንደሚዋሽ ነው። እመኑኝ፣ ከእሱ በፊት የገባው ሰው ሲያነብ በር ላይ ቆሞ ፊደሎቹን ሸምድዶ የሚገባ አለ፣ ማንን እንደሚያታልል እንጃለት፣ ብቻ "ዓይኔ ደከመ" ከማለት ይሻለዋል። ስለዚህ የጂን፣ የጥላ፣ የሙት መንፈስ ወሬ ሲነሳ እስቅ ነበር፣ አክስቴ ስለ ዛር ስታወራ ፊቷ ላይ የሳቅኩ ሰው ነኝ። አሁን የምነግራችሁንም ሌላ ሰው ቢነግረኝ እስቅ ነበር፣ የደረሰው ግን በእኔ ነው፣ ምን ላድርግ።

የምኖረው ማኪንድዬ ኮረብታ ላይ፣ ከጋሽ ደምሴና ከባለቤታቸው ከእትዬ ብርቄ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነው። ተከራይ ልበል እንጂ ልጃቸው ማለት ይቀላል፣ እነሱ ወልደው አልሳሙም፣ እኔም እዚህ አገር ሌላ ሰው የለኝም፣ ስሜ ትዕግስት ነው፣ እነሱ ግን ቲጂ ይሉኛል፣ ቅዳሜ ያለ እኔ ምሳ አይቀርብም። ጋሽ ደምሴ በጉልበታቸው ዘመን ከሞምባሳ ወደብ እስከ ካምፓላ ተሳቢ መኪና ይነዱ የነበሩ ሰው ናቸው፣ ዘለግ ያሉ፣ ሳቃቸው ከአጥር ውጭ የሚሰማ፣ በዓይናቸው የሚኮሩ። "እኔ ደምሴ ማለት ጉም ውስጥ የሜዳ አህያ መስመር የምቆጥር ሰው ነበርኩ" ይላሉ፣ እትዬ ብርቄ ደግሞ፣ አጭርና ፈጣን ናቸው፣ ከወጥ ቤት ሆነው "ስንት ነበር?" ብለው ያሾፉባቸዋል።

እነዚያ ዓይኖች ናቸው የጠፉት። የዓይን ግፊት ቀስ እያለ ብርሃናቸውን በላው፣ ሐኪሙ እኔ ባለሁበት በግልጽ ነገራቸው፣ የጠፋው አይመለስም፣ ቀዶ ጥገናም አይረዳም አላቸው። ያን ቀን እትዬ ብርቄ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብለው እንደ ሕፃን አለቀሱ፣ ሲበቃቸው ተነሱና ፊታቸውን ጠራርገው "ሐኪም ምን ያውቃል? አንተ ታያለህ አይደል ደምሴ?" አሉ። ጋሽ ደምሴ "አያለሁ እንጂ፣ ይኸው ፊትሽን እያየሁ አይደል" አሏቸው። ነገሩ እንዲያ ተጀመረ።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ጋሽ ደምሴ የሚያዩ ሰው ሆኑ። ጠዋት በረንዳው ላይ ቁጭ ብለው "ሐይቁ ዛሬ ጥርት ብሏል" ይላሉ፣ እኔ ቀና ስል ሐይቁ በጉም ተሸፍኗል፣ እትዬ ብርቄ ግን "አዎ፣ ጥርት ብሏል" ይላሉ። ማዕዘኑ ላይ ቦዳውን፣ ሰው የሚያመላልስበትን ሞተር፣ አቁሞ ተሳፋሪ የሚጠብቀው ሙሳ እንኳ ተመክሯል፣ ጋሽ ደምሴ በበሩ ብቅ ሲሉ ከሞተሩ ላይ ሆኖ "ጃጃ፣ ሙሳ ነኝ!" ብሎ ይጮሃል፣ ጃጃ በሉጋንዳ አያት ማለት ነው፣ እሳቸውም "አየሁህ፣ አየሁህ" ይሉታል። አንድ ቀን ደግሞ፣ ይህን በዓይኔ ነው ያየሁት፣ እትዬ ብርቄ ቡናማ ቀሚስ ለብሰው ሽንኩርት ሲልጡ ጋሽ ደምሴ "ይሄ ሰማያዊ ቀሚስ እንዴት እንደሚያምርብሽ!" አሉ። እትዬ ብርቄ ቢላዋውን አስቀመጡ፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ ገብተው ሰማያዊውን ለብሰው ወጡና ሽንኩርታቸውን ቀጠሉ። ጠጋ ብዬ "እትዬ፣ ምን ነካዎት?" ብላቸው፣ በሹክሹክታ "ባሌን ውሸታም አላደርግም" አሉኝ። ምን እላለሁ? እኔም ገባሁበት፣ የበረንዳውን ወንበሮች ከቦታቸው እንዳልነቀንቅ እጠነቀቅ ጀመር።

እንዲህ እያለ ሄዶ ሄዶ መኪናው ላይ ደረሰ። ፌኔ የሚባለው የፍሬ ዛፍ ሥር የቆመች አሮጌ ነጭ ኮሮላ አለቻቸው፣ ድሮ ቅዳሜ ቅዳሜ በእሷ ጋባ ወርደው ከሐይቁ ዳር ዓሣ ይገዙ ነበር። አንድ ሳምንት እትዬ ብርቄ "ደምሴ፣ ዓሣ አማረኝ፣ ቅዳሜ ጋባ ውሰደኛ" አሉ፣ እኔ የተለመደው ጨዋታ መሰለኝ። ቅዳሜ ጠዋት የሞተር ድምፅ ሰምቼ ብቅ ስል፣ ጋሽ ደምሴ መሪውን ይዘዋል፣ እትዬ ብርቄ ቅርጫታቸውን ታቅፈው ከጎናቸው ተቀምጠዋል፣ መኪናዋ ደግሞ በግቢው ቁልቁለት እየተንሸራተተች ሄዳ ከብረት በሩ ጋር ተላተመች። ከበሩ ማዶ ጫፓቲ የሚጠብሰው ሰውዬ ምጣዱን ጥሎ ሸሸ። ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን፣ በሩ ብቻ ተጣመመ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ መቀርቀሪያውን ከውስጥ ሆኖ ከፍ ካላደረጉት አይከፈትም። እትዬ ብርቄ ወርደው "ፍሬኑ ነው፣ ፍሬኑ አርጅቷል፣ ለሚመጣው ቅዳሜ ይሠራል" አሉ፣ ጋሽ ደምሴም "ፍሬኑ ነው" አሉ።

አመሻሹ ላይ ግን እትዬ ብርቄ ክፍሌ መጡ።

"ንገሪው ቲጂ" አሉኝ። "ልገድለው ነበር እኮ። እኔ አንደበቴ እምቢ አለኝ። አንቺ የዓይን ነገር ታውቂያለሽ፣ አንቺን ይሰማል።"

"እትዬ፣ ምን ብዬ?"

"እንደማያይ ንገሪው። በሚመጣው ቅዳሜ ቁልፉን እንዳያነሳ።"

ተስማማን። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እትዬ ብርቄ ኪቡሊ ሠፈር የታመመ ሰው ሊጠይቁ ይሄዳሉ፣ እኔ ከሥራ ስመለስ ከጋሽ ደምሴ ጋር ሁለታችን ብቻ ስንሆን እነግራቸዋለሁ።

ሐሙስ መጣ። ከመንገድ ላይ ሁለት ሮሌክስ ገዛሁ፣ ሰዓቱን እንዳይመስላችሁ፣ በጫፓቲ የተጠቀለለ እንቁላል ነው፣ ጋሽ ደምሴ ነፍሳቸው ነው፣ ክፉ ወሬ በባዶ እጅ አይወራም ብዬ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው የደረስኩት፣ ሰማዩ ጠቁሯል፣ ገርበብ ብሎ ያገኘሁትን የግቢ በር ከውስጥ ቀርቅሬ ወደ በረንዳው ስሮጥ ጋሽ ደምሴ ከወንበራቸው ሆነው "ግቡ፣ ግቡ፣ ዝናቡ ሳያበሰብሳችሁ!" አሉ። "ግቡ" ማለታቸው ገርሞኝ ነበር፣ ግን ሰው ሲያረጅ እንዲህ ነው ብዬ አለፍኩት። ሲምባ የሚባለው ውሻቸው ደረጃው ላይ ተኝቷል፣ እኔ ስመጣ እንደ ልማዱ ተነስቶ አሳለፈኝና መልሶ ተኛ። ከዚያ፣ ልብ በሉልኝ፣ ገና ከመተኛቱ እንደገና ተነሳና ጅራቱን እየቆላ ጥግ ያዘ፣ ሁለተኛ ሰው የሚያሳልፍ ነው የሚመስለው።

ዝናቡ ወረደ። የካምፓላን ዝናብ ለምታውቁት መናገር አያስፈልገኝም፣ ቆርቆሮው ላይ እንደ ጠጠር ነው የሚፈሰው፣ መብራትም ወዲያው ጠፋ። ወንበሬን አስጠግቼ ሮሌክሱን እጃቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው፣ ለመሰማማት ጆሮ ለጆሮ ሆነን ነው የምናወራው።

"ያቺን የቀርከሃ ወንበር ሳቢላት" አሉኝ።

"ለማን ጋሼ?"

"ለልጅቷ። ቆማ ቀረች እኮ።"

የለመድነው ጨዋታ ከቀሚስና ከሐይቅ አልፎ እዚህ መድረሱ አሳዘነኝ። ላለመከራከር ወንበሩን ሳብኩት። የቀርከሃ ወንበር ሰው ሲቀመጥበት የሚያሰማውን ድምፅ ታውቁታላችሁ፣ መጀመሪያ ሲጥ ይላል፣ ከዚያ ክብደቱን ተቀብሎ ዝም ይላል። ልክ እንደዚያ አለ። እርጥበቱ ነው አልኩ ለራሴ፣ እንጨት እርጥበት ሲነካው ይጮሃል።

"ጋሼ" አልኳቸው ድፍረቴ ሳይጠፋ፣ "ዛሬ ስለ ዓይንዎ ላወራዎት ነው የመጣሁት። እርስዎ አያዩም። ምንም አያዩም። ሐኪሙ ያለው እውነት ነው።"

የጎረሱትን ዋጡ፣ አፋቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ፣ ከዚያ ቀስ ብለው ሳቁ።

"ብርቄ ናት የላከችሽ?"

እንደሚያዩኝ ሁሉ ራሴን ነቀነቅኩ።

"እኔ አለማየቴን ከእኔ በላይ ማን ያውቃል ልጄ? ሲነጋ እንኳ የማውቀው በወፎቹ ነው።"

"ታዲያ ለምን..."

"ያን ቀን ኮሪደሩ ላይ ስታለቅስ ሰማኋት። በኖርነው ዘመን ሁሉ እንደዚያ ስታለቅስ ሰምቼ አላውቅም። ታያለህ አይደል ስትለኝ ምን ልበላት? አያለሁ አልኩ። ከዚያ እኮ መመለሻው ጠፋ። ሰማያዊ ቀሚስ የምለው ስንጋባ ሰሞን የለበሰችው ትዝ እያለኝ ነው። ገብታ ስትቀይር የቁምሳጥኑ በር ሲጮህ እሰማለሁ፣ ደስ ብሏት እያንጎራጎረች ስትመለስ እሰማለሁ። እንዲህ የምትሆንልኝን ሴት አላይሽም ልበላት?"

"መኪናውስ ጋሼ? ሰው ይሞት ነበር እኮ!"

"እሱ ልክ ነሽ" አሉ ሳቃቸው ጠፍቶ። "እሱ ጥፋት ነው። ጋባ ውሰደኝ ስትለኝ ዓሣ መስሎሻል የጠየቀችኝ? የድሮውን ደምሴ ነው የጠየቀችኝ። እምቢ ማለት አቃተኝ።"

አለቀስኩ፣ ምን ልደብቃችሁ። ሁለት ሽማግሌዎች አንዱ ለአንዱ ብሎ ገደል አፋፍ ሲደርሱ ማየት ያስለቅሳል። እንባዬን ስጠርግ ነው ወንበሩ ትዝ ያለኝ፣ ፈገግ ብዬም "ልጅቷስ? እሷም ለእትዬ ብርቄ ደስታ የተፈጠረች ናት?" አልኳቸው።

ጋሽ ደምሴ ፈገግ አላሉም።

"እሷ ሌላ ናት" አሉ። "ብርቄን አላያትም፣ አንቺን አላይሽም፣ እጄን ዓይኔ ሥር ባመጣው አላየውም። እሷን ግን አያታለሁ።"



"ከመቼ ጀምሮ?"

"ዓይኔ ጨርሶ ከጨለመ ወዲህ። ከአንቺ ጋር ነው የምትመጣው ቲጂ። ስትገቢ ትገባለች፣ ስትወጪ ትወጣለች። ዘመድሽ መስላኝ ነበር፣ አንድ ቀን ብርቄን ያቺ የቲጂ እህት አታወራም እንዴ ብዬ ስጠይቃት፣ ቲጂ ብቻዋን ነው የምትኖረው አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ዝም አልኩ።"

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እናቴ ያረፈችው እኔ እዚህ ሆኜ ነው፣ የመኖሪያ ወረቀቴ አልቆልኝ መንቀሳቀስ ስለማልችል ቀብሯ ላይ አልደረስኩም። ስለዚህ በመናፍስት የማላምነው ሴትዮ ምን አደረግኩ መሰላችሁ? ወንበሬን ወደ ጋሽ ደምሴ ስቤ፣ እጃቸውን ጭምቅ አድርጌ "ጠይም ናት? ቁመቷ ረዘም ያለ? አንገቷ ላይ ንቅሳት አላት አይደል?" አልኳቸው።

ፊታቸውን ወደ ወንበሩ አዞሩ።

"አይደለችም ልጄ።"

"ደህና አድርገው ይዩ!" አልኩ፣ ለዓይነ ስውር ሰው፣ ልክ ሥራ ቦታ እንደምለው።

"ልጅ እግር ናት" አሉ። "ቢጫ ሹራብ ለብሳለች፣ እጅጌው ረዝሞባት ጣቶቿን ሸፍኗል። ጸጉሯ አጭር ነው። እናትሽ ናት ብልሽ እኔም ደስ ባለኝ። በዚህ ቤት ስንት ነገር ዋሽቻለሁ፣ አንድ ብጨምር ምን ነበረበት? ግን እናትሽ አይደለችም። እኔም አላውቃትም።"

"ምን ታደርጋለች?"

"ምንም። ታዳምጥሻለች። ቅድም ስታለቅሺ ወደ አንቺ ጠጋ ብላ ነበር።"

ቢጫ ሹራብ ያላት ሰው ፍለጋ ዕድሜዬን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ በረበርኩት፣ የትምህርት ቤት ጓደኛ፣ የሠፈር ልጅ፣ የሞተች፣ ያለች፣ ማንም የለም። ወደ ወንበሩ ለመዞር አልደፈርኩም፣ እግሬን ሰብስቤ ዝናቡን ብቻ አያለሁ።

"ተነሳች" አሉ ጋሽ ደምሴ።

ቀርከሃው ሲጥ አለ። ሲምባ ከደረጃው ተነስቶ ጥግ ያዘ።

"ወዴት?" አልኩ።

"ወደ በሩ።"

ትንሽ ቆየና በዝናቡ መሐል የመቀርቀሪያው ብረት ሲነሳ ተሰማኝ፣ ቀጥሎ የተጣመመው በር መሬቱን እየፋቀ ተከፈተ፣ እትዬ ብርቄ ጃንጥላቸውን ከነፋሱ ጋር እየታገሉ ገቡ። ገና በረንዳው ላይ ሳይወጡ ጋሽ ደምሴ ከወንበራቸው ተነስተው ቆሙ።

"ብርቄ" አሉ፣ "አላይም።"

እትዬ ብርቄ ባሉበት ቀሩ፣ ጃንጥላው ወደ ጎን ወድቆ ዝናቡ አናታቸው ላይ ይወርዳል።

"አውቃለሁ" አሉ።

"ማወቅሽን አውቃለሁ።"

"ቁምሳጥኑን ትሰማው ነበር?"

"በደንብ እንጂ። ዘይት ቀቢው።"

እትዬ ብርቄ እየሳቁ ነው እያለቀሱ ነው የማይባል ድምፅ አውጥተው ወጡና ደረታቸው ላይ ተለጠፉ፣ ጋሽ ደምሴ በመዳፋቸው የረጠበ ጸጉራቸውን ሲያደርቁላቸው እኔ ዓይኔን ወደ ሌላ አዞርኩ። "ቅዳሜ በሙሳ ቦዳ ነው ጋባ የምንሄደው" ሲሏቸው ሰማሁ፣ "እኔ መሐል፣ አንቺ ከኋላዬ። ዓሣውን አንቺ ትመርጫለሽ፣ እኔ እሸከማለሁ።"

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ለዘመድ ወዳጅ የማወራው ጥሩ ወሬ ነበር። ግን እትዬ ብርቄ ፊታቸውን ጠራርገው ወደ እኔ ዞሩና "ቲጂ፣ እንግዳ አለሽ እንዴ? በሩን የከፈተችልኝ ባለ ቢጫ ሹራቧ ልጅ ማን ናት? እግዜር ይስጥሽ ሳልላት አለፈችኝ" አሉኝ።

መብራት ሲመጣ መጀመሪያ ያደረግኩት ወንበሩ ላይ ያለውን ትራስ መንካት ነው፣ ሞቅ ብሎ ነበር። ሲምባ ተኝቶበት ነው እንዳልል ሲምባ ሲጀመርም ደረጃው ላይ ነው።

በማግስቱ እትዬ ብርቄን ለብቻቸው ይዤ ጠየቅኳቸው። "እትዬ፣ በእናትዎ፣ የምናወራውን ከበሩ ማዶ ሰምተው ነው አይደል?" አልኳቸው። "በዚያ ዝናብ?" አሉኝ፣ በማርያም ማሉልኝ፣ ልጅቷን እንዳዩ፣ ጣቶቿ በእጅጌዋ ተሸፍነው መቀርቀሪያውን ስታነሳ እንዳዩ። ማመን ነበረብኝ። ግን አስቡት፣ እኚህ ሴት እኮ ባላቸው ሰማያዊ ካሉ ቡናማ ቀሚሳቸውን የሚቀይሩ ሴት ናቸው፣ ባላቸው አየሁ ያሉትን እሳቸው "አላየሁም" ይላሉ? በሩንም እኔ ቀርቅሬው ይሆን፣ ወይስ የቀረቀርኩት መስሎኝ? ያን ያህል ጊዜ የሰው ዓይን ስመረምር ኖሬ የራሴን እጅ መመስከር አቃተኝ። አክስቴንም ስልክ ደውዬ "እማዬ በልጅነቷ ቢጫ ሹራብ ነበራት?" ብዬ ጠየቅኳት፣ ይኸው እንግዲህ፣ እናቴ እንድትሆንልኝ ዕድሜዋን ሁሉ ልለውጥ ነበር፣ አክስቴ ግን "እናትሽ? ቢጫ ጠላቷ ነበር" አለችኝ።

ቤቱ ግን ሰላም ሆነ። ኮሮላዋ ተሸጠች፣ ሙሳ ለጋሽ ደምሴ ምርኩዝ አምጥቶ ነጭ ቀለም ቀባላቸው። እትዬ ብርቄ አሁን ያለውን እንዳለ ነው የሚነግሯቸው፣ "ሐይቁ ጉም ነው ዛሬ፣ ምንም አይታይ" ይሏቸዋል፣ "ቡናማውን ነው የለበስኩት" ይሏቸዋል፣ እሳቸውም "ቡናማም ያምርብሻል" ይላሉ። እኔ ደግሞ ጋሽ ደምሴን አንድ ነገር ለምኜ ነበር፣ ስለ ልጅቷ ዳግም እንዳያነሱብኝ፣ ቃላቸውን ጠብቀው ወራት አለፉ።

ባለፈው እሑድ ከገበያ ስመለስ በረንዳው ላይ አገኘኋቸው። ሰላም ብዬ፣ ከጎናቸው ቁጭ ብዬ ስለ ኑሮ ውድነት ስናወራ ድንገት ንግግራቸውን አቋረጡና ፊታቸውን በጎኔ ወዳለው ባዶ ቦታ አዞሩ፣ የጠፋበትን ነገር እንደሚፈልግ ሰው።

"ቲጂ" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ዛሬ ብቻሽን ነሽ?"

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን ሆዴ ባባ። ዘወር ብዬ በሩን አየሁ፣ መንገዱ ላይ ሙሳ ሞተሩን ሲያጥብ ይታያል፣ ሌላ ሰው የለም።

"ትመጣለች" አልኳቸው።

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ እኔም አላውቅም።